ስቴሮይድ የለመደ ቆዳ፦ ችፌን እያከሙ ከቅባቱ በደኅና የመውጫ መንገድ

ችፌ ካለበት ሰው ቤት የቅባት ቱቦ አይጠፋም። አንዱ ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ሌላው ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ብላ የሰጠችው። ቅባቱ በሁለት በሦስት ቀን ማሳከኩን ያስታግሣል፤ ሲተዉት ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደገና ይቀቡታል። ዓመት ሁለት ዓመት እንዲህ ከተሄደ በኋላ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ቅባቱ እንደ ድሮው አይሠራም፣ አንድ ቀን ሲዘለል ፊት ይቃጠላል፣ ችፌ ነክቶት የማያውቅ ቦታ ሳይቀር መቅላትና መላጥ ይጀምራል።

ይህ መመሪያ እዚያ ለደረሱ ሰዎችና እዚያ መድረስ ለማይፈልጉ የተጻፈ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ዛሬ ማታ ተነሥተው ቱቦውን እንዳይጥሉት። የስቴሮይድ ቅባት በአግባቡ ሲያዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጉዳት የሚያመጣው ጥንካሬው ሳይታወቅ፣ የሚቀባበት ቦታ ሳይለይ፣ ማብቂያው ሳይወሰን ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ነው። ሳያውቁ ገብተውበት ከሆነም አወጣጥዎ በእውቀትና በሐኪም ክትትል መሆን አለበት።

በሽታውና መድኃኒቱ

ችፌ፣ በሕክምናው ስሙ ኤክዚማ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የብዙ ሕመምተኞች ቆዳ ከተፈጥሮው እርጥበት የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ጭቃው እንደ ረገፈ ግድግዳ ከውስጥ ውኃ ያስወጣል፣ ከውጭ ሳሙናውን፣ አቧራውንና ተሕዋስያኑን ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን በሚሠራው ዘረ መል ላይ የሚገኝ ጉድለት ሰውን ለችፌ እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። ሰውነት ለገባበት ነገር ሲቆጣ ቆዳው ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል። የሕክምና መጻሕፍት «ይቀላል» የሚሉት ምልክት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን፣ እብጠቱንና ሻካራነቱን በእጅዎ ይዳስሱ።

ስቴሮይድ ይህን ቁጣ ያበርዳል። ሃይድሮኮርቲዞን ቆዳ ላይ ተቀብቶ እንደሚሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ከዚያ ወዲህ እጅግ የበረቱ ዓይነቶች ተሠርተዋል። እነዚህ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ፣ ሸንተረር ይወጣል፣ ፊት ላይ ብጉርና ፀጉር ይበዛል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ ቅባቱ ሲቆም ቆዳው ከበፊቱ በባሰ ይቆጣል፤ ይህን ከዚህ በታች የማቆም ምላሽ እንለዋለን። የቆዳ ሐኪሞቹ ክሊግማንና ፍሮሽ ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1979 «የስቴሮይድ ሱስ» ብለው ጽፈውበታል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 ሐኪሞችንና ሕመምተኞችን ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ቤተሰብ «አጋነንሽው» ወይም «አጋነንከው» ቢልም እንኳ የሚሰማዎት ማቃጠል እውነተኛ ነው።

ደረጃ 1፦ ቱቦውን ያንብቡ

ቤት ውስጥ ያሉትን የቆዳ ቅባቶች በሙሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። «ፊት ያጠራል»፣ «ማድያት ያጠፋል» ተብሎ የተሸጠልዎትንም አይተዉ። ቱቦው ላይ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስሙ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ነው። ፊደሉ ካነሰብዎት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያጉሉት። ከዚያ ከእነዚህ አራት መደቦች በየትኛው እንደሚገኝ ይፈልጉ፦

- ቀላል፦ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ።
- መካከለኛ፦ ክሎቤታሶን ቡቲሬት 0.05 በመቶ።
- ብርቱ፦ ቤታሜታሶን ቫለሬት 0.1 በመቶ፣ ሞሜታሶን 0.1 በመቶ።
- እጅግ ብርቱ፦ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መቶኛው ነው። 0.05 ከ1 ስለሚያንስ ክሎቤታሶል ከሃይድሮኮርቲዞን የቀለለ ይመስላል፤ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መቶኛው የሚለካው በቱቦው ውስጥ ያለውን መጠን እንጂ የመድኃኒቱን ጉልበት አይደለም። ሁለተኛው የስሞቹ መመሳሰል ነው። ክሎቤታሶን እና ክሎቤታሶል በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ቢለያዩም አንዱ መካከለኛ፣ ሌላው ከሁሉም የበረታ ነው። ክሎቤታሶል በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም በላይ እንዳይቀባ የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ ይከለክላል።

ሦስት አራት መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ቱቦዎችም አሉ። የፈንገስ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ብርቱ ስቴሮይድ አንድ ላይ ይሆኑና ሰው «የፈንገስ ቅባት ነው» እያለ ስቴሮይድ ለወራት ይቀባል። በውስጡ ያለው ነገር ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ ተሞልቶ «የተፈጥሮ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ቅባት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳስባል። ዓመታት ያስቸገረን ችፌ በሦስት ቀን ድራሹን ካጠፋው፣ ሲቆም ደግሞ ወዲያው ካገረሸ፣ ስቴሮይድ ሳይነገርዎት ተጨምሮበት ይሆናል ብለው ይጠርጥሩ።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ ችፌ መሆኑን ያረጋግጡ

ስቴሮይድ የተሳሳተ በሽታ ላይ ሲቀባ በሽታውን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ጭርት ጥሩ ምሳሌ ነው። ጭርት ከፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ዳር ዳሩ ከፍ ያለ፣ መሐሉ የጠራ ክብ ሆኖ ይታወቃል። ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይቀንስና ሰው የዳነ ይመስለዋል። ፈንገሱ ግን እየሰፋ ይሄዳል፤ ክቡም ቅርጹን ስለሚያጣ ኋላ ሐኪሙን ጭምር ያሳስተዋል።

እከክም ከችፌ ጋር ይምታታል። ማታ ማታ የሚብስ ማሳከክ፣ በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያና በብልት አካባቢ የሚወጡ ሽፍታዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ማሳከኩ፣ ወደ እከክ ያመለክታሉ። እከክ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ቤተሰቡም አብሮ መታከም ይኖርበታል። ችፌ በአብዛኛው በክርን መታጠፊያ፣ ከጉልበት በስተ ጀርባ፣ በአንገትና በእጅ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከልጅነት ይጀምራል፤ በቤተሰብ ውስጥም አስም ወይም አለርጂ አይጠፋም።

ደረጃ 3፦ ያገረሸው ችፌው ነው ወይስ የማቆም ምላሽ?

ሁለቱን ለይቶ የሚነግር የደም ምርመራ የለም። ሐኪም የሚመራው በታሪክዎና በምልክቶቹ ነው። እርስዎም እነዚህን ያስተውሉ፦

- ቅባቱ ከቆመ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የጀመረ ነው?
- ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠልና መለብለብ ይበዛዋል?
- መቅላቱ ችፌ ኖሮበት ወደማያውቅ ቦታ ተስፋፍቷል?
- ክንድዎ እስከ አንጓው ቀልቶ መዳፍዎ ግን ደኅና ነው? ፊትዎ ተቆጥቶ አፍንጫዎ ብቻ ተርፏል?
- ቆዳው እንደ ቅርፊት ይረግፋል፣ ያዣል ወይም ያብጣል?
- ከዚህ በፊት ብርቱ ቅባት በተለይ ፊት ወይም ብልት አካባቢ በየቀኑ ለወራት ቀብተዋል?

አብዛኞቹን «አዎ» ካሉ የማቆም ምላሽ ሊሆን ይችላል። በጥናት የተመዘገቡት አብዛኞቹ ሕመምተኞች ፊታቸውን ከዓመት በላይ የቀቡ ሴቶች ናቸው። ቅባቱን ለአንድ ለሁለት ሳምንት ብቻ ተጠቅመው አቁመው ችፌው የተመለሰባቸው ሰዎች ግን ከዚህ አይመደቡም። የእነርሱ ችፌ ሕክምናው ገና አላለቀም ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ማቆም ምላሽ ሰምተው ፈርተው ሕክምና ቢተዉ በከንቱ ይሰቃያሉ።

ደረጃ 4፦ ተዘጋጅተው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ

የሚያስፈልግዎ የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት ነው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አቅራቢያ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አላቸው። ስፔሻሊስት በሌለበት አካባቢ ያሉ በጤና ጣቢያው ይጀምሩና ሪፈር ያጽፉ።

ቱቦዎቹን በፌስታል ይዘው ይሂዱ። በወረቀትም አጭር ማስታወሻ ይጻፉ። ለምሳሌ «ክሎቤታሶል፣ ፊትና አንገት፣ ሁለት ዓመት፣ በወር ሁለት ባለ 30 ግራም ቱቦ፣ ካቆምኩ አሥር ቀን»። ይህች አንዲት መስመር ከግማሽ ሰዓት ማስረዳት የበለጠ ለሐኪሙ ትጠቅመዋለች። ለቆዳዎ ወይም ለአስም ስቴሮይድ በክኒን ወይም በመርፌ ወስደው ከሆነ ይጨምሩበት። ፊት ለማቅላት የተቀቡትንም አፍረው አይደብቁ። ሐኪሙ የሚፈልገው መድኃኒቱን ማወቅ ነው፤ ሊፈርድብዎት አልተቀመጠም።

አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይውጡ፦ «ኮርቲሶሌን መለካት ያስፈልገኛል?» ብርቱ ቅባት በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ወደ ደም ይገባና ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ሊያቆሙ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ቅባቱ በድንገት ሲቆም ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ጠዋት የሚወሰድ የደም ምርመራ ይህን ይጠቁማል። «ዛሬውኑ ጥዬ ልገላገል» የሚለው ውሳኔ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ቅባቱን በዓይን ዙሪያ ቀብተው ከነበረ የዓይን ግፊትዎንም ያስለኩ፤ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል።

ደረጃ 5፦ የመውጫ ዕቅድ ያውጡ

በአንድ ጊዜ ማቆም ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ በሚለው ላይ ሐኪሞች አንድ አቋም የላቸውም። ምርጫው በቅባቱ ጥንካሬ፣ በቆየበት ጊዜና በቀቡት ስፋት ይወሰናል። ከሐኪምዎ ጋር ሲነጋገሩ የሚነሡት መንገዶች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፦

አንደኛው ጥንካሬውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ነው፤ ከእጅግ ብርቱ ወደ ብርቱ፣ ከዚያ ወደ መካከለኛ፣ በመጨረሻ ወደ ቀላል። ሁለተኛው ቀኑን ማራራቅ ነው፤ በየቀኑ የነበረውን ቀን እየዘለሉ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ ማቆም። ሦስተኛው ስቴሮይድ ባልሆነ መድኃኒት መተካት ነው። ታክሮሊመስ 0.03 ወይም 0.1 በመቶ እና ፒሜክሮሊመስ 1 በመቶ ቆዳን አያሳሱም፤ ለፊትም ይሆናሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቃጠላቸው የተለመደ ስለሆነ በዚያ ምክንያት ብቻ አይተዉአቸው።

ችፌው ብርቱ ከሆነ የብርሃን ሕክምና፣ ሜቶትሬክሴት ወይም ሳይክሎስፖሪን ሊታዘዝ ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በመርፌ የሚሰጠውን ዱፒሉማብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በአሜሪካ ለችፌ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ቅባቱን ማቆም ማለት ችፌውን ያለ ሕክምና መተው ማለት አይደለም። እነዚህን ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ነው ብዙ የሚጎዳው።

ደረጃ 6፦ ቆዳውን በየቀኑ ይንከባከቡ

የማገገሚያው ትልቁ ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው።

ለብ ባለ ውኃ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይታጠቡ። ሙቅ ውኃ ለጊዜው ማሳከኩን ቢያስታግሥም ቆዳውን ያደርቀዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ሽታ ያለው ሳሙናም ሆነ የልብስ ሳሙና ገላዎን አያስነኩት፤ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ለብብት፣ ለብልት አካባቢና ለእግር ብቻ ይጠቀሙ። በፎጣ ሲደርቁ መታ መታ ያድርጉ እንጂ አይፈትጉ።

ቆዳው ገና ወዝ እያለው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ እርጥበት የሚጠብቅ ቅባት ይቀቡ። ውድ መሆን የለበትም፤ ሽቶ የሌለው ተራ ቫዝሊን ሥራውን በደንብ ይሠራል። ከዕቃው በንጹሕ ማንኪያ ያውጡ፤ ጣት ሲገባበት ጀርም ይገባበታል። መዳፍዎ ላይ አሙቀው ፀጉር በሚያድግበት አቅጣጫ ወደ ታች ይለስኑት። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት የፀጉር ሥሮችን ያስቆጣል። ችፌው ሰውነቱን ያዳረሰበት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ሊጨርስ ይችላል። ብዙዎቻችን የምንቀባው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ቫዝሊን የጠጣ ልብስና አንሶላ እሳት በፍጥነት ይይዘዋል። ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከጧፍ ይራቁ፤ ቡና ሲያፈሉና ዕጣን ሲያጨሱም ነጠላዎን ይሰብስቡ።

ቆዳው የሚያዥ ከሆነ ፈልቶ በበረደ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ጣል ያድርጉበትና ከዚያ ይቀቡት። «እርጥበት ሰጪውንም ውኃውንም ተዉ፣ ቆዳው ራሱ ይድናል» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ይህን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም። አንዱ ቅባት ካቃጠለዎት ዓይነቱን ይለውጡ እንጂ ቆዳዎን ደረቅ አይተዉት።

ደረጃ 7፦ ማሳከኩንና ሌሊቱን ያሸንፉ

ሌሊት ላይ ማሳከክ ይብሳል። ጥፍርዎን አሳጥረው ይከርክሙ፣ ሲተኙ የጥጥ ጓንት ያድርጉ። ሲያሳክክዎ በማከክ ፈንታ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይያዙበት ወይም በመዳፍዎ ይጫኑት። ሹራብና የሱፍ ብርድ ልብስ ቆዳውን አይንኩ፤ ጋቢና የጥጥ አንሶላ ይስማማሉ።

ሰውነቱ በጣም ሲቆጣ እርጥብ መጠቅለያ ይረዳል። ቫዝሊን ከተቀቡ በኋላ ያረጀ ንጹሕ ነጠላ ቀድደው፣ ለብ ባለ ውኃ ነክረው፣ ጨምቀው ክንድዎን ወይም እግርዎን ይጠቅልሉ፤ በላዩ ደረቅ ጨርቅ ይደርቡ። መግል ባለበት ቆዳ ላይ ግን አይጠቅልሉ። ስቴሮይድ ቀብተውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጠቅልሉ፤ መጠቅለያው መድኃኒቱ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። እንቅልፍ የሚያመጡት የድሮዎቹ የአለርጂ ክኒኖች ለጥቂት ሌሊት ለመተኛት ይረዱ ይሆናል እንጂ የችፌን ማሳከክ እምብዛም አያስቆሙም።

ደረጃ 8፦ ቆዳው ላይ የማይደረጉትን ይወቁ

የቆሰለ ቆዳ ሲያዩ ሰዎች ከልባቸው አዝነው ብዙ ነገር ያዝዛሉ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ያቆስላሉም። ሎሚ ይለበልባል፤ ፀሐይ ሲነካውም ጠባሳ የሚመስል ጥቁረት ይተዋል። የወይራ ዘይት ለቆዳ መልካም ቢባልም የቆዳን መከላከያ ሽፋን እንደሚያዳክም በጥናት ታይቷል። በችፌው ምክንያት የጠቆረውን ወይም የነጣውን ቦታ ለማስተካከል ብለው ደግሞ ወደ ማቅያ ክሬም አይመለሱ። ቁጣው ሲበርድ ቀለሙ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይቀርባል።

ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ሐኪም ያዘዘልዎትን አያቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ከተጠመቁ በኋላ ሰውነትዎን አደራርቀው ወዲያው ቫዝሊን ይቀቡ።

ደረጃ 9፦ ቤቱንና ሥራውን ያስተካክሉ

በረኪና፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናና ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውል እጅ አብረው አይሄዱም። ይህ በተለይ በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ችግር ነው። ከላስቲክ ጓንት በታች የጥጥ ጓንት ልበሱ፤ ውስጡ ሲያልበው ለውጡት። አነስተኛ የቫዝሊን ዕቃ ኪሳችሁ አይታጣ፤ እጃችሁን በታጠባችሁ ቁጥር ተቀቡ። አየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት አትተኙ።

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላላችሁ የክረምት ማሞቂያ ቆዳ ያደርቃል፤ ክፍሉን አታግሉት። በአዲስ አበባና በሌላውም ደጋ ደግሞ ከጥቅምት ወዲያ ያለው ደረቅ አየር ችፌን ያባብሳል። ከፍታው ፀሐዩን ያበረታዋልና በስቴሮይድ የሳሳ ፊት በጥላ፣ በባርኔጣ ወይም በነጠላ መጠበቅ አለበት።

ደረጃ 10፦ ልጅ ከሆነ

የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ብርቱ ቅባት በቶሎ ወደ ደሙ ይገባል። ክሎቤታሶልም ሆነ ቤታሜታሶን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሕፃን ላይ አይቀባ፤ የአዋቂ ቱቦም ለልጅ አይውልም። በሌላ በኩል ሐኪም ያዘዘውን ሃይድሮኮርቲዞን ፈርተው አይከልክሉት። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ምግብ ያስጠላዋል፣ ትምህርቱም ይጎዳል። እንቁላልን፣ ወተትን ወይም ስንዴን በግምት ከልጁ ገበታ አያንሡ፤ አለርጂ መኖሩ ሳይረጋገጥ ማስቀረት ልጁን ለምግብ እጥረት ያጋልጠዋል።

ደረጃ 11፦ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ነገ አይበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፦

- ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል፣ በፍጥነት የሚስፋፋ ሕመምና እብጠት። ቆዳው በባክቴሪያ ተመርዟል ማለት ነው።
- በድንገት የወጡ፣ የሚያሙ፣ እኩል እኩል የሆኑ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች። ችፌ ላይ የወጣ የሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አጠገብ ከሆነ ዓይንን ያሰጋል።
- ሰውነት በሙሉ ቀልቶ መላጥና መንቀጥቀጥ።
- ብርቱ ድካም፣ ራስን መሳት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ።
- መኖር አስጠልቶ ራስን የመጉዳት ሐሳብ። ይህም እንደ ሌሎቹ ሕመም ነው፤ ለሚያምኑት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ፣ ለብቻዎም አይሁኑ።

ደረጃ 12፦ ትዕግሥትና ክትትል

ማገገም በአንዳንዱ ሰው ሳምንታት፣ በሌላው ወራት፣ ረጅም ዘመን በተቀባ ላይ ደግሞ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። መሻሻሉም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጥሩ ሳምንት ይመጣና ክፉ ሳምንት ይከተላል። ስለዚህ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ያንሡ። በመስታወት የማይታየው ለውጥ ፎቶው ላይ ይታያል፤ ሐኪሙም ይጠቀምበታል።

ወደፊት ችፌው ተመልሶ ስቴሮይድ ቢያስፈልግዎት አይሸበሩ። ቀላሉን ከብርቱው ይለዩ፤ ለፊት፣ ለብብትና ለብልት አካባቢ ብርቱውን አይጠቀሙ፤ የሚጀመርበትንና የሚቆምበትን ቀን ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። መጠኑን በጣትዎ ይለኩ፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህም ከነጣቶቹ የሁለት እጅ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል።

በመጨረሻም ልመናዬ ይህ ነው። ቱቦዎን ለጎረቤት አይስጡ፣ የጎረቤትንም አይቀበሉ። በመድኃኒት ቤት የምትሠሩ ባለሙያዎችም ብርቱ ስቴሮይድ ያለ ማዘዣ አትስጡ፤ ማዘዣ ይዞ ለሚመጣውም ስንት ቀን፣ የት ቦታ፣ ምን ያህል እንደሚቀባ ሳትነግሩ አትሸኙት። እዚህ ከተጻፈው ስቃይ አብዛኛው በዚያች የሁለት ደቂቃ ምክር ሊቀር የሚችል ነው።